አጥሩ አጠገብ የተነፋው ፊሽካ

ለእኛ ለአስጎብኚዎች ቢሾፍቱ ማለት ሐይቅ ነው። ሆራን አሳይቶ፣ ዓሣ አስበልቶ መመለስ። እኚያ ስዊድናዊት አዛውንት ግን ሐይቁን ዞር ብለውም አላዩት። ከቦርሳቸው ጥቁርና ነጭ ፎቶ አወጡ። አባታቸው ሳብ ሳፊር ከምትባል ትንሽ የማሠልጠኛ አውሮፕላን አጠገብ ቆመዋል። በንጉሡ ዘመን እዚህ ቢሾፍቱ፣ አየር ኃይል ግቢ ውስጥ፣ መካኒክ ያሠለጥኑ ነበር። «እዚያው ቦታ ቆሜ ፎቶ ልነሳ» አሉኝ።

ነገሩ አይገርምም። ከጣሊያን ወረራ በኋላ አየር ኃይሉን እንደገና በማቋቋም ትልቁን ሥራ የሠሩት ስዊድኖች ናቸው። ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን ነበሩ መሪያቸው። ሰውየው በወረራው ጊዜ ለስዊድን ቀይ መስቀል አውሮፕላን ያበሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 በኦጋዴን ጦርነት ጎዴ ላይ ተገደሉ።

ግቢው የጦር ሰፈር ስለሆነ እንደማይቻል ነገርኳቸው። እሺ አሉ። አጥሩ አጠገብ ስንደርስ ግን መስኮት ከፍተው ስልካቸውን ደገኑ። ፊሽካ ተነፋ። አንድ ኮስተር ያለ ወጣት ወታደር መጣ።

ሾፌራችን ጋሼ ኤፍ-5 የሚባለውን የአሜሪካ ተዋጊ ጄት ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቶሎ ወረዱ። «ልጄ፣ እንግዳ ናቸው፤ ፎቶው አሁኑኑ ይጠፋል» አሉት።

«አባቴ፣ ይሄ እኮ ሙዚየም አይደለም።»

እውነቱን ነው። ከሳፊር በኋላ የአሜሪካው ጄት ኤፍ-86 መጣ፣ ከዚያ ኤፍ-5፣ በደርግ ጊዜ የሶቪየቱ ሚግ። ዛሬ ይህ ሰፈር፣ ሐረር ሜዳ የሚባለው፣ የሱ-27 ተዋጊ ጄት ቤት ነው። አብራሪውም ቴክኒሺያኑም እዚያው ቢሾፍቱ ይሠለጥናል። ፎቶው ጠፋ፤ ወታደሩም የድሮውን ፎቶ ተቀብሎ ደጋግሞ አየው።

ምሳ ላይ ጋሼ አፋቸው ተፈታ። በኦጋዴን ጦርነት የሶማሊያ ሚግ-21 ከእኛ ኤፍ-5 ይፈጥን ነበር። በዚያ ላይ አሜሪካ መሣሪያ መስጠት አቁማለች። «መለዋወጫ የለም። ከአንዱ ፈተን ለሌላው እንገጥማለን። ጠዋት ግን ይነሳል!» ያም ሆኖ በአየር ላይ ውጊያ የበላይነቱ የእኛዎቹ ነበር። ሰው ሁሉ አብራሪ ያሞግሳል፤ መካኒኩን ማን ያነሳዋል? ሴትዮዋ ይህን ሲሰሙ የአባታቸውን ፎቶ ለጋሼ ሰጧቸው። ለእኔ ሻይ ጋበዙኝ።

አሁን እንግዳ አየር ኃይልን ካነሳ፣ ከአዲስ አበባ ሳንወጣ ስልክ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ታሪኩን ጋሼ ምሳ ላይ ያወራሉ። ለእሳቸው የሚሆንም ዋጋው ላይ ጨምሬበታለሁ።