የጫካ ቡናና የአውሮፓ የደን ደንብ

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ መሠረት ቡና፣ ካካዋ፣ የዘንባባ ዘይት፣ ጎማ፣ አኩሪ አተር፣ እንጨትና የቀንድ ከብት ውጤቶች ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደኑ ከተመነጠረ መሬት የመጡ ከሆነ ወደ ኅብረቱ ገበያ አይገቡም። ደንቡ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ሁለት ጊዜ ስለተራዘመ በቡና ነጋዴው ዘንድ የሚነሳው ወሬ ሁሉ ስለ ቀኑ ሆኖ ከርሟል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ይህ ሕግ ከሩቅ ሆኖ ምን እንደሚያይና ምን እንደሚያመልጠው ነው።

ደንቡ ደን የሚለው ከግማሽ ሄክታር የሚሰፋ፣ ከ5 ሜትር በላይ የሚረዝሙ ዛፎች ያሉበትና የዛፎቹ ጥላ ከ10 በመቶ በላይ የሚሸፍነውን ቦታ ነው፤ በዋናነት ለእርሻ የሚውል መሬት ግን ዛፍ ቢኖርበትም ከደን አይቆጠርም። ይህን መለኪያ ይዞ ካፋ፣ ሸካ ወይም ኢሉ አባቦር ጫካ ውስጥ ለገባ ሰው ነገሩ ወዲያው ይወሳሰብበታል። ከፊል የጫካ ቡና የምንለው ገበሬው ምርቱ እንዲጨምርለት ሥር ሥሩን መንጥሮ፣ ጥላው የከበደውን ዛፍ ቀንሶ፣ እንደ ሰሳና ዋንዛ ያሉትን ለጥላ አስቀርቶ የሚይዘው ነው። በየዓመቱ ከለቀማ በፊት አረሙ ሲመነጠር፣ ከቡናው እግር ሥር ብቅ ያለው ቀረሮ የተባለው ትልቅ የጫካ ዛፍ ቡቃያም አብሮ ይታጨዳል። በሳተላይት ሲታይ ጥላው እንዳለ ነው፤ ትልልቁ ዛፍ አርጅቶ ሲወድቅ ግን የሚተካው የለም። ደንቡ ስለ ደን መመናመን (ደኑ ጨርሶ ሳይጠፋ ስለ መሳሳቱ) የሚጠይቀው በእንጨት ምርቶች ላይ ብቻ በመሆኑ እንዲህ ያለው ቡና በዚህ ረገድ ምንም አይገጥመውም። ያንኑ ጫካ ጨርሶ መንጥሮ ጫት የተከለውንም ገበሬ ቢሆን ደንቡ አይነካውም፤ ጫት ከዝርዝሩ ውስጥ የለምና። የሐረርጌ ቡና ቦታውን ለጫት እንዴት እንደለቀቀ ለሚያውቅ ሰው፣ ገዢ ያጣ የቡና ገበሬ ወዴት እንደሚዞር መገመት አይቸግረውም።

ወደ ማስረጃው ስንመጣ፣ እያንዳንዱ ኩንታል ቡና የበቀለበት መሬት በጂፒኤስ መታወቅ አለበት። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ድንበሩ ዙሪያውን በጂፒኤስ መለካት አለበት። የአብዛኛው ገበሬያችን ማሳ ከአንድ ሄክታር ስለማይበልጥ ይህ ቀላል ሊመስል ይችላል። ችግሩ የሚመጣው መረከቢያው ላይ ነው፦ አንዱ በጆንያ፣ ሌላው በቅርጫት ያመጣው እሸት ተመዝኖ፣ ሒሳቡ ተከፍሎ፣ ከሌላው ጋር አንድ ላይ ይዘረገፋል። ደንቡ ደግሞ ምንጩ ከታወቀ ምርት ጋር ምንጩ ያልታወቀ ከተቀላቀለ ሙሉውን ጭነት ያስቀራል። እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡናን በደረጃና በመጣበት አካባቢ እየለየ ያቀላቅል ስለነበር (ያን ጊዜ የተፈለገውም ይኸው ነበር) የግብይት ሥርዓታችን ለእንዲህ ያለ ጥያቄ የተሰናዳ አልነበረም። በሕጉ ኃላፊነቱ የአውሮፓው አስመጪ ቢሆንም፣ አስመጪው በውሉ ላይ አስፍሮ ለላኪው፣ ላኪውም ለአቅራቢውና ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኑ ያስተላልፈዋል። ጥሬ ቡናችን ወደ አውሮፓ ያለ ቀረጥ ይገባል፤ ቀረጡ በተነሳበት በር ላይ አሁን ካርታ የሚጠይቅ ዘበኛ ቆሟል ማለት ይቻላል።

ይህን ስል ደንቡ ይቅር ማለቴ አይደለም። የዓለም የንግድ ሕግም ቢሆን ሊያልቅ የሚችልን የተፈጥሮ ሀብት ለመጠበቅ የሚወሰድን እርምጃ፣ አገርን ከአገር ያለ አግባብ እስካልለየ ድረስ፣ ይፈቅዳል። እኔ የምለው፣ በእጃችን ያለውን መሣሪያ እንጠቀምበት ነው። አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብ ደንን እንደ አንድ የደን ባለቤትነት ዓይነት ያውቃል፤ በካፋና በሌሎችም አካባቢዎች በአሳታፊ የደን አስተዳደር የተደራጁ ማኅበራት ድንበሩ የተካለለ ጫካና የአጠቃቀም ስምምነት አላቸው። የእያንዳንዱን ለቃሚ ነጥብ ከማሳደድ ይልቅ የማኅበሩን ጫካ እንደ አንድ ማሳ ወስዶ ድንበሩን በካርታ ማቅረብ ወጪውን ይቀንሳል። በስምምነቱ ውስጥም በየሄክታሩ ስንት የቀረሮና የሌሎች አገር በቀል ዛፎች ቡቃያ ሳይታጨድ መቅረት እንዳለበት ቢጻፍ፣ የሚቆጥሩትም በየዓመቱ ከለቀማ በፊት ጫካውን የሚዞሩት የማኅበሩ አባላት ራሳቸው ቢሆኑ፣ ሳተላይቱ የማያየው ነገር የሚያየው ያገኛል።