የአቮካዶዋ ጥላ

ሐምሌ ነበር። ጅማ ውስጥ ሐምሌ ጃንጥላና ጭቃ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ አንድ ጤና ኬላ ተደወለልኝ። ጥር ላይ ሶላር ገጥሜላቸው ነበር። «ኢንጂነር፣ ሶላርህ ሞቷል» አለችኝ ሲስተር። ሲሠራ «ሶላራችን» ነበር የሚሉት።

እስከ አስፋልቱ መጨረሻ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። በመንገዴ ላይ ከፍተኛ ኃይል ተሸካሚ መስመር ከራሴ በላይ ያልፋል። ሁሌም ይገርመኛል። ግልገል ጊቤ 1 እዚሁ ደጃችን ነው፤ በ1996 ዓ.ም. ነው ሥራ የጀመረው፣ አቅሙ 184 ሜጋ ዋት። ያው ውሃ በዋሻ ሄዶ ጊቤ 2 ላይ ሌላ 420 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ግን ከዚያ መስመር እንደ ጀበና ቡና ቀድቶ መውሰድ የለም። ማከፋፈያ ጣቢያ ይፈልጋል፣ ትራንስፎርመር ይፈልጋል፣ ምሰሶ ይፈልጋል። እስከዚያው እኛ ፓነል እንሰቅላለን።

ባትሪውን ለካሁት። 10.4 ቮልት። ባለ 12 ቮልት የሊድ አሲድ ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ 12.7 አካባቢ ያሳያል። ይሄኛው አስከሬን ነበር። ምክንያቱም ወዲያው ታየኝ፤ የመብራቱ ሽቦ ከቻርጅ ኮንትሮለሩ ተነቅሎ በቀጥታ ባትሪው ላይ ታስሯል፣ መጋጠሚያው በፌስታል ቁራጭ ተጠቅልሎ። ኮንትሮለሩ ባትሪው ሲደክም መብራት የሚያጠፋው ባትሪውን ለማዳን ነው። እሱን ከዘለልከው ባትሪው እስከ መጨረሻው ይመጠጣል። ጎኑ ላይ ደግሞ ሰባት ሞባይል ቻርጅ ላይ ተደርድሯል።

እዚያው ቆሜ «የተጠቃሚ ጥፋት» ብዬ ለአለቃዬ በቴሌግራም ላክሁ። ዋስትናው አይሠራም ማለት ነው።

«አባባ፣ ይህን ማን ነው ያሰረው?» አልኳቸው ጥበቃውን።

«ልጄ ነው። እኔ ነኝ እሰር ያልኩት። ሴትየዋ ምጥ ላይ እያለች ድርግም አለ። በስልክ መብራት ነው የተወለደው። ያንተ ሳጥን ብርሃን ሲከለክለን ምን እናድርግ?» ትንሽ ዝም አሉና ቀጠሉ። «ክረምት ከገባ ወዲህ አይሞላም ብለን ደውለንልህ ነበር እኮ።»

እውነት ነው፣ ሰኔ ላይ ደውለዋል። «ደመና ነው፣ ታገሡ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

«ነገ ጠዋት መጥተህ እየው» አሉኝ። ደስ ሳይለኝ ሄድኩ። እንደ ዕድል ሆኖ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ጣራውን ቀና ብዬ ሳይ በጎረቤት አጥር ውስጥ ያለችው ትልቅ አቮካዶ ጥላዋን ፓነሎቼ ላይ ዘርግታለች። ጥር ላይ እኮ እዚያ ጥላ አልነበረም!

አልነበረም፣ ምክንያቱም ጅማ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 7 ዲግሪ ከምናምን ላይ ናት። ጥር ላይ ፀሐይ ወደ ደቡብ አጋድላ ትወጣለች፤ የአቮካዶዋ ጥላ ወደ ማዶ ይወድቃል። ሐምሌ ላይ ግን ወደ ሰሜን አጋድላ ነው የምትወጣው፣ ዛፏ ደግሞ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ናት። ፓነሎቹ ሁለት ሁለት ሆነው በተከታታይ ታስረዋል፤ ጥላው ከየጥንዱ አንዷን ነክቷል። ያ ደግሞ የውሃ ጎማን አንድ ቦታ ላይ እንደመርገጥ ነው፤ ሌላው ቦታ ክፍት ቢሆንም ውሃው አይመጣም። የኛ ዝናብ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው። ለባትሪው የሚተርፈው የጠዋት ፀሐይ ነበር፣ እሱን ነው ያስበላሁት።

የትናንቱን መልእክት ላጠፋው አሰብኩ። ግን አለቃዬ አንብቦታል፣ ሁለቱ የ«ታይቷል» ምልክቶች ይታያሉ። ከሥሩ «የኔ የቦታ መረጣ ስህተት ነው» ብዬ ጨመርኩበት። «ባትሪውን ማን ይክፈል?» አለኝ። ግማሹ ከደሞዜ ተቆረጠ። ቅጣቱ ይገባኛል ማለት ከብዶኝ ነበር፣ አሁንም ትንሽ ይከብደኛል።

ዛፏን ቁረጡ አላልኩም። ፓነሎቹን ወደ ጣራው ምዕራብ ጫፍ አዛወርኩ። ሽቦውን ወደ ኮንትሮለሩ ስመልስ አባባ አጠገቤ ቆመው ያያሉ። «ምጥ ላይ እንደገና ቢያጠፋስ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በሳምንቱ ለማዋለጃ ክፍሉ ብቻ የሚሆን አንዲት ትንሽ ባትሪ ለብቻዋ ገጠምኩ፣ ማንም ስልክ እንዳይሰካባት።

የሞባይሉን ነገር ከልክዬ አልቻልኩም። ከአራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ብቻ፣ ፀሐይ ካለ፣ ተባባልን። ይከበር አይከበር እንጃ።