ከዲስኩ በፊት ራሙን መርምሬ ቢሆን ኖሮ

ዘጠኝ ዓመት ያገለገለኝ ላፕቶፕ ከጥቂት ወራት በፊት ጸባዩ ተለወጠ። አንዳንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ያለ እንከን ሲሠራ ይውልና በማግስቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ቀጥ ይላል። አንዳንዴ ሰማያዊው የስህተት ገጽ ይመጣል፤ አንዳንዴ ደግሞ ስክሪኑ እንዳለ ደርቆ ይቀርና ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኜ ከማጥፋት በቀር አማራጭ አልነበረኝም። በዚህ ላይ የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ ዲስኩ የተበላሸ ብሎክ እንዳለው የሚገልጸውን 7 ቁጥር ስህተት ደጋግሞ ስላሰፈረ፣ ብዙም ሳላስብ ጥፋቱን ሁሉ በአሮጌው ሃርድ ዲስክ ላይ አላከክሁ።

ለእንዲህ ዓይነቱ ችግር በብዛት የሚሰጠው ምክር «ቼክዲስክን (የዊንዶውስን የዲስክ መጠገኛ ፕሮግራም) አስነሣ» የሚል ነው፤ እኔ ግን ይህን ምክር በመጀመሪያ ደረጃ አልቀበለውም። ቼክዲስክ የፋይል ሥርዓቱን ለማስተካከል ዲስኩ ላይ ይጽፋል፤ መጥፎ ሴክተሮችን፣ ማለትም የተበላሹ ትንንሽ የመረጃ ማስቀመጫ ክፍሎችን፣ እንዲፈልግ ሲታዘዝም ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ለሰዓታት ያነባል። ዲስኩ በእርግጥ እየሞተ ከሆነ ያ ልፋት የመጨረሻው ሊሆን ይችላል፤ የተሳሳተው ራሙ (ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ማስታወሻ) ከሆነ ደግሞ ጥገናው ራሱ የተዛባ መረጃ እየጻፈ ጤነኛውን ፋይል ሊያበላሽ ይችላል። ከጥገናው በፊት ቅጂ ማውጣት ይቀድማል።

ከዩኤስቢ ፍላሽ ላይ ሊኑክስ የተባለውን ሥርዓተ ክወና አስነሥቼ ዲስኩ ስለ ራሱ ጤንነት የሚይዘውን፣ ስማርት የተባለውን መዝገብ አነበብሁ። ከረጅሙ ሠንጠረዥ ውስጥ ዓይኔ ያረፈው በሦስት ረድፎች ላይ ነበር። ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮችን የሚቆጥረው 5 ቁጥር 0 ነበር። አልነበብ ብለው ውሳኔ የሚጠብቁ ሴክተሮችን የሚቆጥረው 197 ቁጥር 8 ነበር። ስምንት ብዙ ይምሰል እንጂ፣ የቅርብ ጊዜ ዲስኮች አብዛኞቹ በውስጣቸው 4096 ባይት የሚይዙ ሴክተሮች ኖሯቸው ለኮምፒውተሩ ግን በ512 ባይት ከፋፍለው ስለሚያቀርቧቸው፣ በተግባር የታመመው አንድ ቦታ ብቻ ሊሆን ይችላል። 199 ቁጥር ግን 1412 ደርሶ ነበር። ይህ ረድፍ መረጃ በዲስኩና በኮምፒውተሩ መካከል ሲተላለፍ የተፈጠሩ ስህተቶችን የሚቆጥር ስለሆነ በአብዛኛው የሚጠቁመው ኬብሉን ወይም ማገናኛውን ነው። ዲስኩን ነቅዬ ማገናኛውን አጽድቼ መልሼ ሰካሁት። ቁጥሩ አንዴ ከወጣ ስለማይወርድ፣ መጠየቅ ያለበት ስንት ደረሰ ሳይሆን ከዚያ ወዲህ ጨመረ ወይ የሚለው ነው። አልጨመረም፤ ላፕቶፑ ግን ቀጥ ማለቱን አልተወም። ማራገቢያውንም ከአቧራ አጸዳሁ፤ ሙቀቱ ግን ቀድሞውንም ጤናማ ስለነበር ለውጥ አላመጣም።

ቀጥዬ ዲዲሬስኪው በተባለው ፕሮግራም ሙሉውን ዲስክ ወደ ውጫዊ ዲስክ ቀዳሁ። ይህ ፕሮግራም እምቢ ባለው ቦታ ላይ ሙጭጭ አይልም፤ በቀላሉ የሚነበበውን አስቀድሞ ያወጣና ወደ አስቸጋሪው የሚመለሰው በኋላ ነው። የደረሰበትንም በፋይል ስለሚመዘግብ ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል (ሁለት ጊዜ ተቋርጦብኛልና ይህን ባሕርዩን አመስግኛለሁ)። ከስምንቱ ሴክተሮች በቀር ሁሉም ወጣ።

ነገሩ የተገለጠልኝ የትልልቆቹን ፋይሎች የሻ256 አሻራ (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ፣ ይዘቱ ጥቂት ቢለወጥ አብሮ የሚለወጥ ቁጥር) እያወጣሁ ቅጂውን ከዋናው ጋር ሳስተያይ ነው። አንድ የቪዲዮ ፋይል ሁለት ጊዜ ተነብቦ ሁለት የተለያየ አሻራ ሰጠኝ፤ የንባብ ስህተት የሚል መልእክት ግን አልነበረም። ሃርድ ዲስክ ከእያንዳንዱ ሴክተር ጋር የማረሚያ ኮድ ስለሚያስቀምጥ፣ ማንበብ ሲያቅተው እንዳልቻለ ይናገራል እንጂ የተለወጠ መረጃ በዝምታ ማቀበሉ እጅግ ብርቅ ነው። እንግዲያው መረጃው የሚጣመመው ከዲስኩ ከወጣ በኋላ መሆን ነበረበት። ይህን ፈተና መሞከር የሚፈልግ ሰው በሁለቱ ንባቦች መካከል ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ያስነሣ፤ አለዚያ ሁለተኛው ንባብ ከዲስኩ ሳይሆን ራም ውስጥ ከተቀመጠው ቅጂ ሊመጣ ይችላል።

በዚያ ሌሊት ራምን የሚፈትነውን ሜምቴስት86 የተባለ ፕሮግራም አስነሥቼ ተኛሁ፤ ጠዋት ስክሪኑ በስህተት መስመሮች ተሞልቶ አገኘሁት። ላፕቶፑ ሁለት ባለ 4 ጊጋባይት ራሞች ስላሉት እያንዳንዱን ለየብቻው፣ በሁለቱም ማስገቢያዎች እያፈራረቅሁ ፈተንሁ፤ እንዲህ ካልተደረገ የተበላሸው ራሙ ይሁን ማስገቢያው መለየት አይቻልም። ስህተቱ አንደኛውን ራም በሄደበት ሁሉ ተከተለው። እርሱን ካወጣሁት ወዲህ ላፕቶፑ ቢንቀራፈፍም አንድም ጊዜ ቀጥ ብሎ አያውቅም። በዚያ ራም በኩል ያለፈው ቅጂ ሊታመን ስለማይችል ጥዬው ሙሉውን ዲስክ እንደ አዲስ ቀዳሁ።

የቀሩት ስምንቱ ሴክተሮች ነበሩ። አስተማማኝ ቅጂ በእጄ ስለገባ በእነርሱ ላይ ዜሮ ጻፍሁባቸው፤ 197 ቁጥር ወደ 0 ወረደ፣ 5 ቁጥርም 0 እንደሆነ ቀረ። ዲስኩ ቦታውን በመጠባበቂያ መተካት አላስፈለገውም ማለት ነው፤ እንደገና ሲጻፍበት ተቀበለ። እንዲህ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ዲስኩ በመጻፍ ላይ እያለ ኃይል ሲቋረጥበት ነው። በደረቀ ቁጥር ማብሪያውን ተጭኜ ያጠፋሁት እኔ ስለሆንሁ፣ ላፕቶፑን ያቆመው የዲስኩ ስህተት ሳይሆን የዲስኩን ስህተት ያመጣው የላፕቶፑ መቆምና የእኔ ጣት ሳይሆን አይቀርም።

እንዲህም ሆኖ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ነጻ አላልሁትም። የጉግል ባለሙያዎች ከ100,000 በላይ ዲስኮችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት፣ ከተበላሹት ዲስኮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በአራቱ ዋና ዋና የስማርት ምልክቶች አንዳች ማስጠንቀቂያ አላሳዩም ነበር። ስለዚህ ሥራዬን ወደ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው የመረጃ ማከማቻ) አዛውሬ አሮጌውን ዲስክ በውጫዊ ሣጥን ውስጥ የሁለተኛ ቅጂ ማስቀመጫ አደረግሁት። በየሳምንቱ ሦስቱን ረድፎች አነባለሁ፤ እስከ ትናንት ድረስ 0፣ 0 እና 1412 ናቸው።