ሪጎሬ ሰጥቼ ቅንድቤን ተሰፋሁ

ሦስት ስፌት ነው። ጠጋ ብሎ ላየኝ ግራ ቅንድቤ ላይ ይታያል። ምን ሆነህ ነው ሲሉኝ «ሪጎሬ ሰጥቼ» እላለሁ።

ሐዋሳ ክረምት ሲገባ የሰፈር ለሰፈር ውድድር አለ። ትምህርት ተዘግቷል፣ ሜዳው ጭቃ ነው፣ ግን ማንም አይቀርም። እኔ የሐዋሳ ከተማ ክለብ በ1996 እና በ1999 ዋንጫ ሲበላ ያበድን ትውልድ ነኝ። ተከላካይ ነበርኩ፣ ጉልበቴ ሲያስቸግረኝ ፊሽካ ያዝኩ። ኮርስ የሚባል ነገር አልወሰድኩም።

ግማሽ ፍጻሜ ነው፣ 1 ለ 1፣ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ኳሷ ተከላካዩን ስትመታ እኔ ሃያ ሜትር ወደ ኋላ ቀርቼ ጭቃ ውስጥ እየተንፏቀቅኩ ነበር። እጅ መስሎኝ ነፋሁ። ልጁ ሮጦ መጣና «ጋሼ፣ በእናቴ ጭኔን ነው የነካኝ!» አለኝ። ምንም ሳልመልስለት ጀርባዬን ሰጠሁት። የዚያን ቀን ትልቁ ስህተቴ ሪጎሬው ሳይሆን ይሄ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ዙሪያውን የቆመው ሰው ሁሉ «ናቀው» ብሎ ነው ያነበበው። መጀመሪያ አንድ ሰው ከጎሉ ጀርባ ገባ። ከዚያ ሁሉም ገባ። ድንጋዩን ማን እንደወረወረው እስከ ዛሬ አላውቅም።

በባጃጅ ወደ ክሊኒክ ሲወስዱኝ ያሰብኩት ግን ስለ ድንጋዩ አልነበረም። ሜዳው በቆርቆሮ የታጠረ ነው፣ መውጫው አንድ ነው። ሰው ሲሸሽ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ የሚሆን በሩ ላይ ተጣብቆ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ጎትተው አወጡት፣ በአንድ ጫማ።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝና የአክራውን የስታዲየም አደጋ ነገር ማንበብ ጀመርኩ። ግንቦት 1 ቀን 1993 ዓ.ም. ጋና ውስጥ ኸርትስ ኦፍ ኦክ የሚባለው ክለብ አሳንቴ ኮቶኮን 2 ለ 1 እየመራ የተናደዱ ደጋፊዎች ወንበር እየነቀሉ ወረወሩ፣ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ፣ ሰው ወደ በሮቹ ሮጠ፣ በሮቹ ተቆልፈው ነበር። 126 ሰው ሞተ። ወንበር የወረወረው ጥፋተኛ ነው፣ አልከራከርም። የገደለው ግን ጭሱና የተዘጋው በር ነው። መስከረም 2015 ኢንዶኔዥያ ካንጁሩሃን ስታዲየምም ያው ነው፤ ደጋፊ ሜዳ ገባ፣ ጭስ ተተኮሰ፣ መውጫው ጠበበ፣ 135 ሰው አለቀ። የሚያናድደው ደግሞ የፊፋ የደኅንነት ደንብ በሜዳ አስለቃሽ ጭስ መጠቀምን ይከለክላል! ሰው ሁሌ ስለ «ስነ ምግባር የጎደለው ደጋፊ» ያወራል እንጂ ስለ በር የሚያወራ የለም።

በቀጣዩ ክረምት ዳኝነቱን ብቻ ሳይሆን ዝግጅቱንም እኔ ልያዝ አልኩ። መጀመሪያ በሩ። ከመጀመሪያው በር ትይዩ ሁለት ቆርቆሮ ነቅለን ሁለተኛ መውጫ ሠራን። ለፈቃዱ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፣ በሦስተኛው ሰለቸኋቸው መሰለኝ እሺ አሉ። ጨዋታው እያለ ሁለቱም በሮች ወለል ብለው ይከፈታሉ፣ አንዱ ሰፈር በዚህ፣ ሌላው በዚያ ይወጣል። ከመስመሩ ሦስት እርምጃ ርቆ ገመድ ተወጠረ። ገመዱን የሚጠብቁት ከየሰፈሩ የተመረጡ ልጆች ናቸው፣ እያንዳንዱ የራሱን ሰፈር ደጋፊ ፊት ለፊት ይቆማል። የሌላ ሰፈር ልጅ «ወደ ኋላ» ቢልህ ትጣላዋለህ፣ የጎረቤትህ ልጅ ሲልህ ግን ታፍራለህ። አስር ሰዓት ይጀመር የነበረውን ስምንት ሰዓት አደረግነው። ሲጨልም ጀግና ይበዛል።

እኔም ራሴን አስተካከልኩ። ከጨዋታው በፊት ሁለቱን አምበሎች ጠርቼ «የሚያናግረኝ አምበል ብቻ ነው፣ እኔም ሳልመልስለት አልሄድም» አልኳቸው። በፈረንጆቹ 2024ቱ የአውሮፓ ዋንጫም ዳኛ የሚያናግረው አምበል ብቻ ይሁን ተብሎ ነበር፣ ከዚያ ነው የሰረቅኩት። ኳስ ሲርቀኝ ደግሞ እሮጣለሁ፣ ጉልበቴ ቢጮህም።

ያልተሳካልኝ ውርርዱ ነው። መቶ ሁለት መቶ ብር አስይዘው ከጎሉ ጀርባ የሚቆሙ አሉ፣ በጣም የሚጮሁት እነሱ ናቸው፣ ሰፈሩም ቡድኑም ግድ አይሰጣቸውም። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ ሽማግሌ ላክሁ። አሁንም እዚያው ናቸው። በሁለተኛው ሳምንት በስድብ ዘፈን የተነሳ ቡጢም ነበር፤ ጨዋታውን አቁሜ ሁለቱንም ቡድን ጭቃው ላይ አስቀመጥኳቸው። አስር ደቂቃ። ቂጣቸው ሲረጥብ መሳቅ ጀመሩ።

ዘንድሮ ፍጻሜው ላይ ሪጎሬ ሰጠሁ። ሆዴ ተላወሰ፣ አልዋሽም። አምበሉ መጣ፣ ያየሁትን ነገርኩት፣ እያጉረመረመ ተመለሰ። ሰው ገመዱን ሲገፋ ያ የዚያን ጊዜው ተከላካይ፣ ዘንድሮ ጠባቂ ነው፣ እጁን ዘርግቶ «ወደ ኋላ! ወደ ኋላ!» ይላል። ሲያልቅ ፊሽካዬን እያጠብኩ ሳለ መጣና አጠገቤ ቆመ።

«ጋሼ፣ ያቺ ኳስ ግን ጭኔን ነው የነካችኝ።»

«ሳይሆን አይቀርም» አልኩት።