ለጅማ ማለዳ የሚሆን ኮፍያ

ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ግድም ላይ የምትገኝ፣ በአረንጓዴነቷ የምትታወቅ ከተማ በመሆኗ እንግዳ ሰው ብርዷን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ደረቅ ወራት ግን ሰማዩ ከደመና ስለሚጠራ ምድሪቱ ቀን የያዘችውን ሙቀት ሌሊቱን ታጣዋለች፤ ከጅሬንና በዙሪያው ካሉት ኮረብታዎች የሚወርደው ቀዝቃዛ አየርም በአዌቱ ወንዝ ዙሪያ ባለው ዝቅተኛ ሰፈር ይተኛል። በዚህም የተነሣ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ጆሮ የሚቆርጥ ብርድ፣ ቀን 6 ሰዓት ላይ ደግሞ ጃኬት የሚያስወልቅ ፀሐይ ያጋጥመናል። በክረምቱ ወራት ብርዱ ለዘብ ቢልም ካፊያውና እርጥበቱ ፋታ አይሰጡም። ስለዚህ ለዚህ ከተማ ኮፍያ የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ ሊያየው የሚገባው የኮፍያውን ውፍረት ሳይሆን፣ ረፋድ ላይ ሲወልቅ ታጥፎ ኪስ ውስጥ መግባት መቻሉን ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን የምለው በየሱቁና በየሰልባጅ ክምሩ የሚታየው ወፍራም ኮፍያ በአብዛኛው በረዶ ለሚጥልበት አገር የተሠራ ስለሆነ ነው። አናቱ ላይ ትልቅ የክር ኳስ ያለው፣ ውስጡ በሰው ሠራሽ ፀጉር የተለበጠ ኮፍያ ለኦስሎ ነዋሪ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ከጅማው የፈረንጅ አራዳ ሰፈር ተነሥቶ በእግሩ ወደ ሥራ ለሚሄድ ሰው ግን መንገዱን ሳያጋምስ ያልበዋል፣ ላቡም ሲቀዘቅዝ መልሶ ያበርደዋል። የሰውነት ሙቀት ግማሽ ያህሉ በራስ በኩል ይወጣል ሲባል የምንሰማውም ትክክል አይደለም። የራስ ቆዳ ከመላው የሰውነት ገጽ 10 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ የሚያጣው ሙቀትም ከዚህ ድርሻው ብዙ አይርቅም። ብርዱ ራሳችን ላይ የሚበረታብን ሌላው አካላችን ተሸፍኖ እርሱ ገላጣ ሲቀር፣ እንዲሁም ፊትና ጆሮ ቅዝቃዜን ቶሎ ስለሚያውቁት ነው። ከዚህ አንጻር ስስ ሆኖ አሠራሩ ጠበቅ ያለ፣ ጆሮንና ግንባርን የሚሸፍን ኮፍያ ይበቃናል።

ዋናው ነገር ክሩ ነው። ሙቀት የሚጠብቅልን በክሮቹ መካከል ታግቶ የሚቀረው አየር ሲሆን፣ የበግ ሱፍ በተፈጥሮው የተጠማዘዘ በመሆኑ ይህን አየር በሚገባ ይይዛል፤ ከራሱ ክብደት እስከ 30 በመቶ የሚደርስ እርጥበት ወስዶ እንኳ ሲዳሰስ እርጥብ አይመስልም። ጥጥ በአንጻሩ ዝናብ ሲነካው ውኃውን ጠጥቶ ይከብዳልና ለታኅሣሥ እንጂ ለሐምሌ አልመርጠውም። አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ውኃ እምብዛም አይወስድም፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ዋጋውም ይቀንሳል፤ ነገር ግን ላብን እንደ ሱፍ አያስተናግድም፣ ሲቆይም ፊቱ ላይ ጥቃቅን የክር እንክብሎች ያወጣል። በገበያ ሱፍ እየተባለ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ይኸው አክሪሊክ ነው። የሚጠራጠር ሰው ከገዛ በኋላ ከስፌቱ የተረፈች ክር ቆርጦ በክብሪት ያቃጥላት፤ ሱፍ ከሆነች የተቃጠለ ፀጉር ትሸታለች፣ አመዷም በጣት ሲነካ ይፈረፈራል፤ አክሪሊክ ከሆነች ግን ቀልጣ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ትሆናለች። (ሙከራውን ሻጩ ፊት ማድረግ ለጸብ ይጋብዛል።) ሱፍ ሁሉ ግን ለግንባር አይመችም። በርኖስና ዝተት የሚሠራበት የመንዝ በግ ሱፍ በሙቀት ረገድ የሚታማ ባይሆንም ሻካራ ነው፤ ከ30 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) የሚወፍር የሱፍ ዘለላ ቆዳን ይወጋልና። ሜሪኖ የሚባለው የበግ ዝርያ ሱፍ ከዚህ በጣም የቀጠነ በመሆኑ፣ ከተገኘና አቅም ከፈቀደ እርሱን የሚያህል የለም።

ልኩን ለማወቅ የልብስ ሰፊ ሜትር ከቅንድብ በላይና ከጆሮ በላይ አዙሮ መለካት ይበቃል፤ የአብዛኛው አዋቂ ሰው ራስ ከ54 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ጠርዙ የሚታጠፍ ኮፍያ ጆሮ ላይ ድርብ ስለሚሆን ብርዱ በሚበረታበት ቦታ ላይ ይደርስልናል። ሹሩባ የምትሠራ ወይም ፀጉሯን የምታሳድግ ሴት ውስጡን የሳቲን ገበር ብታስደርግበት ክሩ ፀጉሯን እየፈተገ አይሰባብርባትም፤ ይህን ማንኛውም ልብስ ሰፊ በአጭር ጊዜ ይሠራዋል።

ወደ ውበቱ ስንመጣ፣ ክብ ፊት ያለው ሰው አናቱ ከፍ ያለ፣ ረጅም ፊት ያለው ደግሞ ጠርዙ ሰፋ ብሎ የታጠፈ ኮፍያ ያምርበታል። ከቀለም ቡናማና ጥቁር አረንጓዴ ከጅማ ቀይ አፈር ጋር ይስማማሉ፤ ነጭ ኮፍያ ለፎቶ ካልሆነ በቀር ከአንድ የባጃጅ ጉዞ አያልፍም። አገጭ ሥር የሚታሰር ገመድ ያለውንም አልወደውም። ታላቅ ሰው ሲያጋጥመን ወይም ቤተ ክርስቲያን ስንሳለም ኮፍያ ማውለቅ ደንባችን ሆኖ ሳለ፣ አዛውንት ፊት ቆሞ ገመድ መፍታት ደስ አይልም።

የሱፍ ኮፍያ በሙቅ ውኃ ከታሸ የክሩ ቅርፊቶች እርስ በርስ ተቆላልፈው ይኮማተራልና፣ በቀዝቃዛ ውኃ ሳይታሽ ታጥቦ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ ውኃው ከተመጠጠ በኋላ በጥላ ሥር ተዘርግቶ መድረቅ አለበት። በሐምሌና በነሐሴ ይህ ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ፣ ከሱፉ ጎን አንድ ርካሽ የአክሪሊክ ኮፍያ ለዝናቡ ወራት መያዝ አይከፋም።