የፍሬን ዘይት ራሴ ስቀይር፦ ከምርጫው እስከ መጨረሻው ብሎን

የሠራሁበት መኪና ቶዮታ ቪትዝ ነው፤ የፊቱ ዲስክ፣ የኋላው ታምቡር። በሌላ መኪና የቁልፉ ቁጥርና የጎማው ቅደም ተከተል ይለይ ይሆናል እንጂ ሥራው ብዙም አይለይም። ፕሪየስን የመሰሉ ሃይብሪዶች ግን ፍሬናቸው በኤሌክትሮኒክስ ስለሚታዘዝ በዚህ መንገድ አይነኩም።

ዘይት ከመግዛቴ በፊት ያነበብኩት የዘይት መያዣውን ክዳን ነው፤ ዶት 3 ይላል (ዶት የፍሬን ዘይት ደረጃ መለያ ነው)። ዶት 3 አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ 3.7 በመቶ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን ዝቅተኛው መስፈርት 140 ነው። ለዶት 4 ቁጥሮቹ 230 እና 155፣ ለዶት 5.1 ደግሞ 260 እና 180 ናቸው። ሦስቱም ከግላይኮል የሚሠሩ ስለሆኑ ቢደባለቁ ችግር የለውም። ስለዚህ ዶት 4 ሞላሁ፤ ምክንያቴ ቁልቁለት ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። እዚያ እግሩን ፍሬን ላይ ጭኖ የሚወርድ ሰው ዘይቱን ያፈላዋል። የፈላው ዘይት አረፋ ይሠራል፣ አረፋው ይታመቃል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ መኪናው ግን አይቆምም። በከባድ ማርሽ መውረድ ግዴታ መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ ያረጀ ዘይት ይዞ መውረድ ራሱ አደጋ ነው።

ዶት 5 የሚባለውን ቁጥሩ ከፍ ስላለ ብቻ እንዳታነሱት። ሲሊኮን ነው፤ ከሌሎቹ ጋር አይደባለቅም፣ ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል ሥርዓት) ላለው መኪናም አይሆንም። ከ5.1 ጋር የሚያመሳስለው ቁጥሩ ብቻ ነው።

ለሙሉ ቅያሬ 1 ሊትር ይበቃል። ከአንድ ትልቅ ዕቃ ይልቅ ሁለት ባለ 500 ሚሊ ሊትር እመርጣለሁ፤ የተከፈተ ዘይት መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሎ ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ክዳኑ ሥር ያለው ማሸጊያ የተነካ ከሆነ አልገዛም። ዕቃውን ከከፈትኩ በኋላ ጥቂት ጠብታ ውሃ ውስጥ እጨምራለሁ፦ እውነተኛ የፍሬን ዘይት ከውሃው ጋር ይዋሃዳል፣ የሞተር ወይም የመሪ ዘይት ከሆነ ይንሳፈፋል። ይህ ቀልድ አይደለም። ጥቂት የሞተር ዘይት እንኳ ቢገባ ጎሚኒዎቹ (የጎማ ማሸጊያዎቹ) ያብጣሉ፣ ፍሬኑ ይይዛል፤ መፍትሔውም ጎሚኒ ያለበትን ሁሉ መቀየር ነው።

መሣሪያው ብዙ አይደለም። ለፊት 10 ቁጥር፣ ለኋላ 8 ቁጥር ባለቀለበት ቁልፍ፣ በየጎማው ያለውን የአየር ማስወጫ ብሎን ጫፍ ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ፣ ውስጡን የሚያሳይ የፕላስቲክ ቱቦ (የግሉኮስ ቱቦ ይቀጥናል)፣ ባዶ ጠርሙስ፣ ትልቅ ሲሪንጅ፣ ክሪክና መደገፊያ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር እጅ አይገባም።

ጎማ ከማንሳቴ በፊት አራቱንም አየር ማስወጫ ብሎኖች አጽድቼ ዝገት ማላቀቂያ ነፋሁባቸውና አሳደርኳቸው። ይህን መዝለል ነው ብሎን የሚሰብረው። የማይላላውን ከማስገደድ፣ መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው ገፋ አድርጎ ከዚያ ወደ ማላላት መመለስ ይሻላል። በሁለት በኩል ብቻ የሚይዝ ክፍት ቁልፍ ደግሞ ጠርዙን ይበላዋል።

ከዚያ በሲሪንጅ መያዣው ውስጥ ያለውን አሮጌ ዘይት መጥጬ አወጣሁ፤ ሥሩ እንዲራቆት ግን አልተውኩም። አዲሱን እስከ ማክስ ሞላሁ። ይህ ካልተደረገ ጥቁሩ ዘይት በመላው መስመር ተዘዋውሮ ነው የሚወጣው።

ቅደም ተከተሉ ከማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ከሚገፋው ፓምፕ) ከሚርቀው ይጀምራል፦ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። ሞተሩ ጠፍቷል። ከፔዳሉ ሥር ጣውላ አስቀመጥኩ፤ ፔዳሉ እስከ ወለል ከገባ የማስተሩ ጎሚኒ ለዓመታት ወዳልደረሰበት ሻካራ ቦታ ገብቶ ይጎዳል። በየጋራዡ ሲዘለል የማየው ነገር ይህ ነው።

አንድ ሰው ፔዳሉ ላይ ይቀመጣል። ቱቦውን ብሎኑ ላይ ሰክቼ፣ ሌላውን ጫፍ ጠርሙስ ውስጥ ባለ ጥቂት አዲስ ዘይት ውስጥ አጠልቃለሁ። «እርገጥ!» ስለው ይረግጣል፤ ብሎኑን ሩብ ዙር አላላለሁ፣ ፔዳሉ ይወርዳል፤ «እንደያዝክ!» ብዬ አጠብቃለሁ፤ ከዚያ ብቻ «ልቀቅ!»። ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ጋ ነው። ብሎኑ ሳይጠብቅ እግሩን ካነሳ አየር ተመልሶ ይገባል፣ እንደገና ከሀ ይጀመራል።

በቱቦው ውስጥ መጀመሪያ የሚመጣው እንደ ቡና አተላ ጥቁር ነው፤ ቀስ በቀስ እየፈዘዘ ይሄድና በድንገት አዲሱ ይከተላል፣ ድንበሩ ጎልቶ ይታያል። ከየኋላ ጎማው 200፣ ከየፊቱ 150 ሚሊ ሊትር ያህል ሳወጣ ጥርት አለ። በየአምስት ስድስት እርግጫው መያዣው ይታያል፤ ከሚን በታች ከወረደ ማስተሩ አየር ይስባል። ሳያቋርጡ የሚመጡ ደቃቅ አረፋዎች ብዙ ጊዜ ከመስመሩ ሳይሆን በብሎኑ ጥርስ በኩል የሚሳቡ ናቸው፤ ብሎኑን ትንሽ ጠበብ አድርጎ መክፈት ይለየዋል።

ብሎኑ በ8 ኒውተን ሜትር ገደማ ይጠብቃል፣ ማለትም በአጭር ቁልፍ መጠነኛ ጉልበት። የጎማው ዳዶ 103 ነው። ቀለም ላይ የነካውን ዘይት ወዲያው በብዙ ውሃ አጠብኩ፤ በጨርቅ መጥረግ ብቻውን ያሰፋዋል፣ ቀለሙም ይላጣል።

ፔዳሉ ሲፈተን ሁለት ነገር ይለያል። እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ አየር ቀርቷል። ጠንካራ ሆኖ ዝቅ ካለና ሁለተኛ ሲረገጥ ከፍ ካለ፣ የኋላው ታምቡር ሸራ ማስተካከል ይፈልጋል። ሞተር ሲነሳ ትንሽ መግባቱ የሰርቮው (የእግርን ጉልበት የሚያግዘው ክፍል) ሥራ ነው፤ ተጭኖ ሳለ ቀስ እያለ መስመጡን ከቀጠለና በውጭ የሚፈስ ነገር ከሌለ ማስተሩ በውስጡ ዘይት ያሳልፋል።

አሮጌው ዘይት መርዝ ነው፤ በውሃ ጠርሙስ ውስጥ ያለ ምልክት አይቀመጥም፣ መሬትም አይደፋም። ከእንግዲህ መጠኑ ቀስ በቀስ ሲወርድ ወዲያው አልጨምርም፤ አብዛኛውን ጊዜ የፊቱ ሸራ እየሳሳ ነው፣ ሸራው ሲቀየርም ፒስተኑ ተገፍቶ ያንኑ ዘይት ይመልሰዋል። ባንዴ ከወረደ ግን ከየጎማው ጀርባ እርጥበት መፈለግ ነው።