መብራት ሲጠፋ ጥርት የሚል ሞገድ

ለገጣፎ ዳር ባለ የቆርቆሮ ቤት የአንጎል ሞገድ የቀዳሁት ባዮአምፕ ኢኤክስጂ ፒል በምትባል ትንሽ ማጉያ፣ አርዱኢኖ ኡኖ በሚባል ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ፣ በሦስት ኤሌክትሮድ (ቆዳ ላይ ተለጥፎ ሞገዱን የሚቀበል) እና በላፕቶፕ ነው። ማጉያዋን ከ5 ቮልትና ከግራውንድ አገናኝቼ መውጫዋን የአርዱኢኖው ኤ0 መግቢያ ላይ ሰካሁ፤ ንባቡን በሰከንድ 256 ጊዜ አደረግሁት።

አንዱ ኤሌክትሮድ የራስ ቅል ኋላ ይቀመጣል። ቦታው በግምት አይገኝም። በዓይኖች መሃል ካለው የአፍንጫ መነሻ፣ በአናት ላይ አልፎ፣ ከማጅራት በላይ እስካለችው የአጥንት ጉብታ በሜትር ይለካል፤ ከጉብታዋ ወደ ላይ የርቀቱ አንድ አሥረኛ ነው። 35 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 3.5 ማለት ነው። የቀሩት ሁለቱ ከግራና ከቀኝ ጆሮ ኋላ፣ ፀጉር የሌለበት አጥንት ላይ።

ለልብ ምርመራ የሚሸጠው ተለጣፊ ኤሌክትሮድ ለጆሮ ኋላ ይበቃል፤ ፀጉር ላይ ግን አይዝም። እዚያ ጎድጓዳ ኤሌክትሮድ ኤሌክትሪክ ከሚያስተላልፍ ጄል ጋር ያስፈልጋል። ፀጉሩን ከፈል አድርጎ ቆዳውን በአልኮል ማሸት፣ ከዚያ በሻሽ ጠበቅ አድርጎ ማሰር። ቅቤ የተቀባ ራስ ከሆነ አልኮል አይበቃውም፤ ሁለት ጊዜ በሻምፑ ታጥቦ በደንብ መድረቅ አለበት።

መጀመሪያ ስክሪኑን የሞላው ሞገድ የአንጎል አልነበረም። የመብራት ነው፣ 50 ሄርዝ (በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ)። የአንጎሉ ከ10 እስከ 100 ማይክሮቮልት ብቻ ሲሆን አጠገቡ ያለው ሽቦ 220 ቮልት ይዟል፤ የቤቱ ሶኬትም የመሬት ሽቦ የለውም። መብራት የሄደ ማታ ሞገዱ ወዲያው ጠራ! (መብራት መሄዱ የጠቀመበት ሌላ ሥራ አላውቅም።) ስለዚህ ቻርጀር ይነቀል፤ ኤሌክትሮድ ራስ ላይ እያለ ላፕቶፑን መሰካት ለሰውም አደጋ ነው። ኤክስቴንሽኑን ሁለት ሜትር ማራቅና የኤሌክትሮዶቹን ሽቦዎች አንድ ላይ መግመድም ረድቷል።

ፈተናው ቀላል ነው፦ 30 ሰከንድ ዓይን ገልጦ፣ 30 ሰከንድ ጨፍኖ፣ አራት ዙር። ሲጨፈን በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ የሚመላለሰው፣ አልፋ የሚባለው የአንጎል ሞገድ ከፍ ይላል። ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር እ.ኤ.አ. በ1929 ያሳተመው ይህንኑ ሞገድ ነው። ከፍ ካላለ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የደረቀ ጄል ነው፤ አልፋቸው በተፈጥሮ ደካማ የሆነ ሰዎችም አሉ። ጥርስ መንከስና ዓይን ማርገብገብ ከአንጎሉ የገዘፈ ሞገድ ስለሚያወጡ እንዳያታልሉ። ቡናም ከቀረጻው በኋላ ይሁን፤ ካፌይን አልፋን ያወርዳል።

በአንድ ቻናል፣ ማለትም ከአንድ ቦታ ብቻ በሚቀዳ ሞገድ፣ የሚጥል በሽታም ሆነ ስትሮክ አይመረመርም። ገንዘቡ ለአንድ የጤና ዕቃ ብቻ ቢሆን እኔ የምገዛው በክንድ የሚታሰር የደም ግፊት መለኪያ ነው፤ ቤት ውስጥ ተለክቶ ደጋግሞ 135 በ85 ከሞላ ወይም ካለፈ ሐኪም ዘንድ ያስኬዳል።